የኮሌጅ ፉትቦልን የለወጠው ክፍያው ነው ወይስ የውሉ ልልነት?

ጥያቄ፤ ከ«የቅዳሜ ተመልካች»

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን።

ወደ አሜሪካ ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። በመጀመሪያው የሥራ ቦታዬ የነበረ ባልደረባ የኮሌጅ ፉትቦልን (ኳሱ በእጅ የሚያዝበትን የአሜሪካኑን ጨዋታ) ሕግ በምሳ ሰዓት ወረቀት ላይ እየሣለ ስላስተማረኝ፣ ከዚያ ወዲህ በውድድሩ ወራት ቅዳሜን ለሌላ ጉዳይ ሰጥቼ አላውቅም። ከጨዋታው ይልቅ የሳበኝ የልጆቹ ዕድገት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሲገባ ያየሁት ልጅ ሁለት ዓመት በተጠባባቂ ወንበር ቆይቶ፣ በሦስተኛው ዓመት ተሰልፎ፣ በአራተኛው ዓመት የመጨረሻ የሜዳው ጨዋታ ላይ ከእናትና ከአባቱ ጋር ወጥቶ ሲሰናበት እያየሁ፣ የማላውቀውን ቤተሰብ እንደ ዘመድ ቆጥሬ እሸኝ ነበር።

ባለፈው የውድድር ዘመን መክፈቻ ግን ቴሌቪዥኑን ስከፍት፣ ከምደግፈው ቡድን የአጥቂና የተከላካይ ክፍል ሃያ ሁለት ቋሚ ተሰላፊዎች መካከል በስም የማውቃቸው ዘጠኙን ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ አቀባዩና የማጥቃቱ መሪ፣ ሦስተኛ ዩኒቨርሲቲው ላይ ነው። ያምናው ኮከባችን ደግሞ በዚያው ዕለት ማታ በሌላ ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ምድብ) ያለ ቡድን መለያ ለብሶ በሌላ ጣቢያ ይታይ ነበር።

ልጆቹ መከፈላቸውን አልቃወምም። መቶ ሺህ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ውስጥ አካሉን ለአደጋ የሚያጋልጥ ወጣት ምንም አያግኝ ብሎ መሟገት ያሳፍረኛል። ያልገባኝ ሌላ ነገር ነው። በየትኛውም የፕሮፌሽናል ስፖርት ገንዘብ የሚከፈለው ተጫዋች ዘመኑ በታወቀ ውል ይታሰራል። እዚህ ግን ክፍያው እንደ ፕሮፌሽናል፣ አለቃቀቁ እንደ ተማሪ ሆኗል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሥርዓቱን የሚያውቅ ወይም በቅርብ ያየ ሰው ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ። ከሁሉም በላይ ማወቅ የምፈልገው በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ነው።

መልስ 1፤ ከ«ነገረ ፈጅ»

«ክፍያው እንደ ፕሮፌሽናል፣ አለቃቀቁ እንደ ተማሪ» ያሉት አነጋገር ነገሩን በአጭሩ ይገልጸዋል፤ ምክንያቱን ለማግኘት ግን ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብናል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ለተጫዋች ገንዘብ መስጠት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የዳላሱ ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ በ1987 ሙሉ የውድድር ዘመን እንዳይጫወት የተከለከለው፣ ሀብታም ደጋፊዎቹ ለተጫዋቾች በድብቅ ይከፍሉ ስለነበር ነው። አዲሱ ነገር ገንዘቡ በአደባባይ መቆጠሩ ነው። ስፖርቱን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ማለትም ኤንሲኤኤ፣ ለሰባ ዓመታት ያህል የቆመበት ምሰሶ «ተማሪ ስፖርተኛ» የሚለው ስያሜ ነበር። ስያሜው በ1950ዎቹ በዋልተር ባየርስ የአስተዳደር ዘመን የወጣ ሲሆን፣ ጥቅሙም ለጆሮ ማማሩ ብቻ አልነበረም። በ1955 በኮሎራዶ አንድ ተጫዋች በጨዋታ ላይ ተጎድቶ በመሞቱ ባለቤቱ ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚከፈለውን ካሳ ጠይቃ ነበር፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ሟቹ የኮሌጁ ሠራተኛ አልነበረም ብሎ ጥያቄዋን ውድቅ አደረገው። «ተማሪ እንጂ ሠራተኛ አይደለም» የሚለው ቃል ማኅበሩን እንዲህ ካለው ዕዳ ሲጠብቀው ኖሯል። ባየርስ ራሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ያቋቋመውን ሥርዓት አጥብቆ መተቸቱን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ፍትሕ ይጓደላል።

ምሰሶው የተሰነጠቀው በቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 የኤንሲኤኤን የስርጭት ብቸኛ ሥልጣን ሲሽር፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮንፈረንሶች ጨዋታቸውን ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ። ዋጋው እየናረ ሄዶ በ2022 ቢግ ቴን የተባለው ኮንፈረንስ ብቻውን ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የሰባት ዓመት ውል ተፈራረመ። በአንድ በኩል ይህን የሚያህል ገንዘብ ሲገባ በሌላ በኩል «ለልጆቹ ግን አንከፍልም» ማለት በፍርድ ቤት የሚያዛልቅ መከራከሪያ አልነበረም። ካሊፎርኒያ በ2019 ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው እንዲነግዱ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በጁን 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦልስተን ጉዳይ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ኤንሲኤኤ ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ በላይ እንዳልሆነ ወሰኑ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ጁላይ 1 ቀን 2021፣ የስምና የምስል ገበያው በመላው አገሪቱ ተከፈተ። በመጨረሻም ሃውስ በተባለው ክስ ጁን 6 ቀን 2025 በጸደቀው የዕርቅ ስምምነት፣ ከ2016 ጀምሮ ለተጫወቱት 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ውዝፍ በአሥር ዓመት እንዲከፈል፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲም ከፈለገ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቹ በቀጥታ እንዲያካፍል ተፈቀደ።

ዝውውሩ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ቀደም ሲል ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ የሚሄድ የፉትቦል ተጫዋች አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት፤ ከሌላ አሠልጣኝ ጋር ለመነጋገርም የለቀቀውን ትምህርት ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። በኦክቶበር 2018 የተከፈተው የዝውውር ፖርታል ፈቃዱን ወደ ማስታወቂያ ለወጠው፦ ተጫዋቹ «ልሄድ ነው» ይላል፣ ትምህርት ቤቱም በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ስሙን መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። በ2021 ለመጀመሪያ ዝውውር የአንድ ዓመቱ ቅጣት ቀረ። በዲሴምበር 2023 በዌስት ቨርጂኒያ የተቀመጠ የፌዴራል ዳኛ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዝውውር የነበረውን ገደብ አገደ፤ በ2024ም ማኅበሩ ሽንፈቱን ተቀብሎ በትምህርቱ ብቁ የሆነ ሁሉ የፈለገውን ያህል እንዲዘዋወር ፈቀደ።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፣ ክፍያውንም ዝውውሩንም የከፈቱት በአመዛኙ ፍርድ ቤቶች ናቸው። ፍርድ ቤት ደግሞ ሕገ ወጥ የሆነውን ያፈርሳል እንጂ በቦታው አዲስ ሥርዓት አይተክልም። በፕሮፌሽናሉ የፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ የደመወዝ ጣሪያውም የተጫዋች ምደባውም (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) የጸናው ሊጉ ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ተደራድሮ ስለተፈራረመ ነው፤ በድርድር የተገኘን ገደብ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ አይነካውም። ኤንሲኤኤ ግን የሚደራደረው የተጫዋቾች ማኅበር የለውም፤ ምክንያቱም ማኅበር ሊኖራቸው የሚችለው ሠራተኞች ናቸው፣ እርሱም ሠራተኛ አለኝ ማለትን እስከ ዛሬ አልፈለገም። ስለዚህ ማንኛውም የዝውውር ገደብ ሲያወጣ በማግሥቱ ይከሰሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይረታል። በሰባ ዓመቱ ጋሻ ምክንያት ዛሬ ማሰሪያ ገመድ አጥቷል ማለት ነው።

መልስ 2፤ ከ«የመስመር ተጫዋች አባት»

ነገረ ፈጅ ከላይ ያስረዱትን እኔ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይቼዋለሁ። ልጄ ኳርተርባኩን ከሚከልሉት የመስመር ተጫዋቾች አንዱ ነው፤ መካከለኛ ደረጃ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሷል። ባለፈው በጋ አሥራ አራት ገጽ የሆነ ውል ተላከልን።

የመጀመሪያው ገጽ ሁለተኛ አንቀጽ ይህ ሰነድ የሥራ ውል እንዳልሆነ ይገልጻል። ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ ልጁ ስሙንና ምስሉን ለዩኒቨርሲቲው እንደሚያከራይና በኪራዩ ፋንታ በየወሩ ገንዘብ እንደሚቀበል ይናገራል። እስከዚህ ድረስ በመስመር መጫወት የሚል ቃል የለም። ስድስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ልጁ የቡድኑን ልምምድ ካቋረጠ ክፍያው ይቆማል፣ ስሙን ወደ ፖርታል ካስገባም በዚያ ሴሚስተር የተቀበለውን ይመልሳል የሚል ሰፍሯል። ልጄ አንብቦ ሲጨርስ፣ «አባዬ፣ ምስሌን ብቻ ነው የተከራዩት ካሉ ጉልበቴ ቢሰበር ለምን ይቆማል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ለዩኒቨርሲቲው ሰው ስልክ ደውዬ ብጠይቅም «ይህ በሁሉም ዘንድ ያለ የተለመደ አንቀጽ ነው» ከማለት ሌላ አልመለሱልኝም። አሠልጣኙ ሥራውን ቢለቅ ልጁ ሳይከፍል መሄድ ይችላል ወይ ስላቸው ደግሞ «ያኔ እንነጋገርበታለን» አሉኝ።

ለጠያቂው መናገር የምፈልገው ይህን ነው፦ ውል የለም ሲባል አይመኑ፣ ውልማ አለ። የጠፋው ሁለቱን ወገን እኩል የሚያስር ውል ነው።

ወላጆች እንዲያውቁት ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ግብር ነው። ልጆቹ ሠራተኛ ስላልተባሉ ከሚከፈላቸው ላይ ማንም ግብር ቀንሶ አያስቀርም። በዓመቱ መጨረሻ ፎርም 1099 የተባለው የገቢ ማሳወቂያ ይመጣል፤ እንደ ማንኛውም የግል ሥራ ሠሪም ከገቢ ግብሩ በተጨማሪ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ግብር ይጠበቅባቸዋል። የልጄ ጓደኛ ገንዘቡን ለመኪና አውሎ በኤፕሪል ወር እናቱ ተበድረው ከፍለውለታል። ሁለተኛው ወኪል ነው። በኤንኤፍኤል የተጫዋቾች ማኅበሩ ወኪል ከውሉ ከ3 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ይከለክላል። በኮሌጅ ደረጃ ይህን የሚወስን አካል ስለሌለ፣ ወደ እኛ የደወለው የመጀመሪያው ሰው የጠየቀን 20 በመቶ ነበር። ፈቃድ እንዳለው ስጠይቀው ስልኩን ዘጋው።

የልጄ የክፍል ጓደኛ የነበረው ሌላ ልጅ ደግሞ ያለ ስኮላርሺፕ፣ በራሱ ወጪ እየተማረ፣ ለሦስት ዓመት ከቡድኑ ጋር ሲለማመድ የኖረ ነው። የሃውስ ስምምነት 85 የነበረውን የፉትቦል ስኮላርሺፕ ጣሪያ አንሥቶ በምትኩ የቡድኑን ጠቅላላ ቁጥር 105 ላይ ወሰነው። ስኮላርሺፕ ሊያገኙ ለሚችሉ ሃያ ልጆች መልካም ዜና ነው፤ መቶ ሃያና ከዚያ በላይ ልጆች ያቅፍ ለነበረ ቡድን ግን ከመጨረሻው መደዳ መቁረጥን ያስከትላል። ዳኛዋ በዚህ ምክንያት የሚቀነሱትን ትምህርት ቤቶቹ ከቁጥሩ ውጪ እንዲይዟቸው መንገድ ብትከፍትም፣ መያዙ ግዴታ አልነበረም። ልጁ ወደ አሠልጣኙ ቢሮ ገብቶ ለመውጣት ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀበት። አንድ ብር ሳይጠይቅ የሚጫወት ልጅ በክፍያ ሥርዓት ምክንያት መባረሩ እስከ አሁን ይከነክነኛል።

የጠያቂው አስተያየት፤ ከ«የቅዳሜ ተመልካች»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ፣ የስድስተኛውን ገጽ ነገር ካነበብኩ በኋላ «ልጆቹ ታማኝነት አጡ» እያልኩ ሳማርር የኖርኩበትን ቆም ብዬ እንዳስብበት አድርገውኛል።

አንድ የሚቃረን ነገር ግን አለብኝ። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በታሪኩ ሁሉ የሽንፈት መዝገብ ሲሞላ የኖረ ቡድን ነው። አሠልጣኙ ከርት ሲግኔቲ በ2023 መጨረሻ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ሲመጡ ከአሥር በላይ ተጫዋቾቻቸውን ይዘው መጡ፤ በ2024 ቡድኑ 11 ጨዋታ አሸነፈ፤ በ2025 ደግሞ ከካሊፎርኒያ በርክሌይ የተዛወረው ኳርተርባክ ፈርናንዶ ሜንዶዛ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ዋንጫ ወሰደ፣ ቡድኑም አንድም ሳይሸነፍ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በድሮው ሕግ ይህ በእኔ ዕድሜ የማይታሰብ ነበር። ታዲያ ዝውውር ትንሹን ያነሣል ማለት አይቻልም?

መልስ 3፤ ከ«አስጠኚው»

ለአሥራ አንድ ዓመት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርተኞች የትምህርት ድጋፍ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ከላይ ከተጻፈው በአብዛኛው ብስማማም በሁለት ነጥብ እለያለሁ።

ኢንዲያና ትንሽ አይደለም። ለብዙ ዓመታት ደካማ የነበረ፣ ነገር ግን ቢግ ቴን ውስጥ ስላለ የዚያን ኮንፈረንስ የቴሌቪዥን ገንዘብ እንደ ማንኛውም አባል የሚካፈል ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትንሹን ማየት ከፈለጉ ወደ ፑልማን ከተማ፣ ወደ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሂዱ። ኳርተርባኩ ካም ዋርድ ከሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ታላላቆቹ ዞር ብለው አላዩትም፤ ኢንካርኔት ወርድ በተባለ አነስተኛ የሳን አንቶኒዮ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ወደ ዋሽንግተን ስቴት አለፈ፣ ከዚያም ወደ ማያሚ ሄደና በ2025 የኤንኤፍኤል ምደባ የመጀመሪያው ተመራጭ ሆነ። ለእርሱ ዝውውር ሕይወቱን የለወጠ በረከት ነው፣ ማንም ሊነፍገው አይገባም። አሁን በፑልማን በኩል እንየው። ዋርድ በ2023 መጨረሻ ሄደ። ተተኪው ጆን ማቲር አንድ ዓመት አብቦ በ2024 መጨረሻ ወደ ኦክላሆማ ሄደ። አሠልጣኙም በዚያው ሰሞን ወደ ዌክ ፎረስት ሄዱ። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ራሱ ኮንፈረንሱ መፍረስ ጀምሮ ነበር፤ ከፓክ 12 አባላት አሥሩ የተሻለ የቴሌቪዥን ገንዘብ ፍለጋ ለመውጣት አስቀድመው ወስነው በ2024 ሲወጡ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ። ተጫዋቹ ታማኝነት የለውም የሚሉ ሰዎች በመጀመሪያ መቶ ዓመት የኖረበትን ቤት ጥሎ የወጣው ማን እንደ ሆነ ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ ትምህርቱ ነው፤ እዚህ ውይይት ላይ እስከ አሁን ማንም ያላነሣው መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። አንድ ልጅ በሦስተኛ ዓመቱ ወደ እኔ ቢሮ የመጣው ከሁለት ትምህርት ቤቶች የወሰዳቸውን ኮርሶች የያዘ ትራንስክሪፕት ይዞ ነበር። እያንዳንዱን ኮርስ ከእኛ ካታሎግ ጋር ስናመሳክር ግማሽ ቀን ፈጀብን። የተመዘገበበት የቢዝነስ ትምህርት ክፍል ከመጡት ክሬዲቶች ብዙዎቹን እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ ስለተቀበላቸው፣ ለምረቃ የሚቆጠሩለት ጥቂት ሆኑ። እኔ የማውቀው መፍትሔ አንድ ነበር፦ የፈለገውን የትምህርት ዓይነት ትቶ የቀደሙት ክሬዲቶች የሚያልፉበትን እንዲመርጥ ማድረግ። ተስማማ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወደ አራተኛ ትምህርት ቤት ሄደ። ይህ ልጅ ለመጫወት ብቁ ነበር፤ የተማረው ምን እንደ ሆነ ግን እርሱም በእርግጠኝነት መናገር የሚችል አይመስለኝም።

ሌላው የሚረሳው ፖርታል ገብተው ማንም ያልጠራቸው ልጆች ጉዳይ ነው። ስም ሲገባ የቀድሞው ትምህርት ቤት ስኮላርሺፑን በሴሚስተሩ ማብቂያ የማቋረጥ መብት አለው፤ ቦታውንም ለሌላ ይሰጠዋል። በየዓመቱ አንዳንዱ በዝቅተኛ ዲቪዚዮን ቦታ ያገኛል፣ አንዳንዱም ያለ ቡድንና ያለ ስኮላርሺፕ ይቀራል። ዜናው ሚሊዮን ስለተከፈለው ኳርተርባክ እንጂ ስለነዚህ አይደለም።

ስም ወደ ፖርታል በሚገባበት ጊዜ፣ በመስኮቱ፣ ላይም አንድ ቃል። በዲሴምበር 2024 የፔን ስቴት ተጠባባቂ ኳርተርባክ ቡድኑ ለሻምፒዮናው ማጣሪያ እየተዘጋጀ ሳለ ለመልቀቅ ተገደደ፤ መስኮቱ ከጨዋታው በፊት ይከፈት ስለነበር ቢዘገይ ቦታ ያጣ ነበር። አሁን የጸደዩ መስኮት ቀርቶ ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ድረስ አንድ መስኮት ብቻ መሆኑ ያን ዓይነቱን ጭንቀት ያቃልላል፤ ሁለተኛው ሴሚስተር የሚጀመረውም በዚያው ሰሞን ስለሆነ ልጁ ቢያንስ ከትምህርት ወቅት ጋር ይዛወራል። ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ያለ ቅሬታ የማደንቀው ይህን ብቻ ነው።

መልስ 4፤ ከ«ነገረ ፈጅ»

አስጠኚው ስለ ዋሽንግተን ስቴት ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እንዲያውም የአሠልጣኞቹን ጎን ልጨምርበት። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 አሠልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ለውል ማፍረሻ ሊከፍላቸው የተገደደው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ይህም ዛሬ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ስፖርት ተጫዋቾቹ በዓመት ሊያካፍል ከተፈቀደለት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሌን ኪፈን ደግሞ በ2025 ኦሌ ሚስ ከተባለው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ጋር 11 ጨዋታ አሸንፈው ቡድኑን ለማጣሪያው ካበቁ በኋላ፣ ማጣሪያው ሳይጀመር ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) ሄዱ። በዚህ ምክንያት የአሠልጣኞች ዝውውር ይገደብ ያለ ሰው እኔ አልሰማሁም።

ስለ ክፍያው ጣሪያ የተጠየቀ ነገር ባይኖርም ሳላነሣው ብቀር የመስመር ተጫዋቹ አባት ያዩት ውል ለምን እንዲያ እንደ ተጻፈ አይገባም። ከዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያው ዓመት ሊወጣ የሚችለው እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በታላላቆቹ ዘንድ ሦስት አራተኛ ያህሉ ለፉትቦል ይውላል። ከዚህ ውጪ ተጫዋቹ ከሦስተኛ ወገን የሚያገኘው የማስታወቂያ ገንዘብ በጣሪያው ውስጥ አይቆጠርም፤ ነገር ግን 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ማንኛውም ውል የሒሳብ ድርጅቱ ዴሎይት ወደሚያካሂደው ኒል ጎ ወደተባለ መመርመሪያ መቅረብ አለበት፤ የእውነት ንግድ መሆኑና ዋጋው ከገበያው ጋር መቀራረቡ ይጣራል። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ የመኪና ሻጭ ለአንድ ተከላካይ ፎቶግራፍ ምን ያህል ቢከፍል ነው «የገበያ ዋጋ» የሚባለው? ሻጩ የቡድኑ ደጋፊ ከሆነ የሚከፍለው ለፎቶው ይሁን ለጨዋታው ማን ይለያል? ጣሪያው በዚህ ቀዳዳ እንደሚያፈስ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ትምህርት ቤቶቹ ልጁን ማቆየት የሚችሉት በተመላሽ ክፍያ አንቀጽ ብቻ ነው ብለው ደምድመዋል።

ያ አንቀጽ በፍርድ ቤት መጽናቱ ገና አልለየለትም። አንድ የዊስኮንሲን ተከላካይ የሁለት ዓመት የክፍያ ስምምነት ከፈረመ በኋላ ለመሄድ ሲጠይቅ፣ ትምህርት ቤቱ ስሙን ፖርታል ውስጥ አላስገባም አለ። ልጁ በጃንዋሪ 2025 እንደ ማንኛውም ተማሪ በማያሚ ተመዝግቦ ትምህርቱን ጀመረ። ዊስኮንሲን ልጁን ትቶ ማያሚን ከሰሰ። ተማሪ ነው ካሉት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዳይመዘገብ ሊከለክሉት አይችሉም፤ ሠራተኛ ነው ካሉት ደግሞ ሰባ ዓመት የሸሹት ዕዳ ሁሉ ይመጣባቸዋል።

መፍትሔው የጋራ ድርድር ነው ብዬ በቀላሉ እንዳልጽፍ የሚከለክለኝ ነገር አለ። የኖርዝዌስተርን ተጫዋቾች በ2014 ማኅበር ለማቋቋም ጠይቀው በክልሉ ኃላፊ ሠራተኞች ናችሁ ቢባሉም፣ የፌዴራሉ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ በ2015 ጉዳዩን አላይም ብሎ ዘጋው። ከምክንያቶቹ አንዱ ተጋጣሚዎቻቸው በአብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መሆናቸው ነበር፤ የፌዴራሉ የማኅበር ሕግ የመንግሥት ተቋማትን አይመለከትም፣ ከደቡብ ግዛቶች አንዳንዶቹም የመንግሥት ሠራተኛ በጋራ እንዲደራደር አይፈቅዱም። በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ግማሹ መደራደር የሚችል፣ ግማሹ የማይችል ይሆናል ማለት ነው። ኤንሲኤኤ ለዓመታት ኮንግረስን ከፀረ ሞኖፖሊ ክስ ከለላ ሲለምን የቆየው ይህን መንገድ ላለመሄድ ነው። እኔ ግን ከለላው ለተጫዋቾች ድምፅ ሳይሰጥ ቢገኝ፣ የስድስተኛው ገጽ አንቀጽ በሕግ ይጸናል ከማለት የተለየ ውጤት አይታየኝም።

መልስ 5፤ ከ«የመስመር ተጫዋች አባት»

ነገረ ፈጅ ስለ ዊስኮንሲን ያነሡትን ለልጄ አነበብኩለት፤ «እንግዲያው እኔም ተማሪ ነኝ» ብሎ ሳቀ።

ለጠያቂው ደግሞ፣ ጃንዋሪ 16 አለፈ፣ ልጄ ስሙን አላስገባም። ሁለት ትምህርት ቤቶች በሌላ ሰው በኩል የተሻለ ገንዘብ ጠቁመውት ነበር። የቀረበት ምክንያት ግን ተመላሹን ፈርቶ አልነበረም፤ የሚያሠለጥነው ሰው ገና አለ፣ የጀመረውም የሲቪል ምህንድስና ክሬዲት ወደ ሌላ ቦታ አያልፍለትም። የአሁኑ ውሉ የሚያበቃው ጁን 30 ነው፤ አዲሱን ሲልኩልን ከመፈረማችን በፊት የምንከፍተው ስድስተኛውን ገጽ ነው።